ጆን ሙሬይ (አሳታሚ ድርጅት)

ጆን ሙሬይ በ1768 በለንደን ከተማ የተመሠረተ የብሪታንያ አሳታሚ ድርጅት ነው። እስከ 2002 ድረስ፣ ማለትም ለ234 ዓመታት፣ ከአንድ ቤተሰብ እጅ አልወጣም። በዚያን ጊዜ ሁሉ ድርጅቱን ተራ በተራ የመሩት ሰባት ሰዎች ሲሆኑ የሰባቱም ስም ጆን ሙሬይ ነበር። የሎርድ ባይረን ግጥሞች፣ የጄን ኦስተን «ኤማ»፣ የዴቪድ ሊቪንግስተን የአፍሪካ ጉዞና የቻርለስ ዳርዊን «የዝርያዎች አመጣጥ» የታተሙት በዚህ ቤት ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መቅደላ ላይ ታስሮ የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ የሆርሙዝድ ራሳም መጽሐፍም የወጣው ከዚሁ ነው።

ሰባቱ ሞክሼዎች እንዳይምታቱ ጸሐፍት እንደ ነገሥታት ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ፣ ሣልሳዊ እያሉ ይቆጥሯቸዋል፤ እዚህም እንዲሁ ተደርጓል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሳታሚ ሲባል

በአማርኛ «ማተሚያ ቤት» የሚለው ስያሜ አንዳንዴ ለሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሚውል ልዩነቱን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። አታሚው የማተሚያ መኪናና ሠራተኞች ያሉት ሲሆን በታዘዘው መጠን አትሞ ዋጋውን ይቀበላል። አሳታሚው ግን የቀረበለትን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ ይመርጣል፤ ለወረቀቱ፣ ለኅትመቱና ለጥረዛው ገንዘብ ያወጣል፤ መጽሐፉን ለሻጮች ያከፋፍላል፤ ካልተሸጠም ኪሳራውን ይሸከማል። ጆን ሙሬይ አሳታሚ እንጂ አታሚ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ደግሞ አሳታሚው ራሱ መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ከፊት ሱቅ፣ ከጀርባ ጽሕፈት ቤት።

አጀማመር

መሥራቹ የኤድንብራ ተወላጅ ሲሆን የቤተሰቡ ስም መጀመሪያ ማክሙሬይ ነበር። በብሪታንያ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ውስጥ በመቶ አለቃነት አገልግሏል። የሰባቱ ዓመት ጦርነት አብቅቶ ደመወዙ በግማሽ ሲቀር ሌላ መተዳደሪያ ፈለገ፤ በ1768 በፍሊት ጎዳና ቁጥር 32 የነበረውን የዊልያም ሳንድቢን የመጽሐፍ ንግድ ገዛ። ጊዜው ስኮትላንዳዊነት በለንደን ብዙ የማይወደድበት ስለነበር ከስሙ ላይ «ማክ» የምትለውን ቆርጦ ጣላት።

ስለ መጽሐፍ ንግድ የሚያውቀው እምብዛም ስላልነበረ የባሕር ኃይል ባልደረባና ገጣሚ የነበረውን ወዳጁን ዊልያም ፋልከነርን አብሮት እንዲነግድ በደብዳቤ ጠየቀው። ፋልከነር ግብዣውን አልተቀበለም፤ በ1769 «ኦሮራ» በምትባል መርከብ ወደ ሕንድ ተሣፈረ። መርከቧ ከኬፕታውን ከተነሣች በኋላ የደረሰችበት ሳይታወቅ ቀረ፤ ፋልከነርም አብሮ ጠፋ። ሙሬይ ብቻውን ሠራ። የሕክምናና የታሪክ መጻሕፍትን እያሳተመ፣ የሌሎችንም እየሸጠ ንግዱን አቆመውና በ1793 ሞተ።

ወራሹ ዳግማዊ ጆን ሙሬይ ያን ጊዜ 15 ዓመት አልሞላውም ነበር። አንድ ዓይኑንም በልጅነቱ ትምህርት ቤት ሳለ የጽሕፈት መምህሩ ቢላ አምልጦት አጥቶታል። ሱቁን ለጥቂት ዓመታት የያዘው የአባቱ ረዳት የነበረው ሳሙኤል ሃይሊ ነው። ሃይሊ ጥንቁቅ ሻጭ ነበር፤ አዲስ መጽሐፍ ለማሳተም ግን አይደፍርም። ወጣቱ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። በ1803 ሲለያዩ ቤቱ ለማን እንደሚሆን ዕጣ ተጣጣሉ፤ ዕጣው ለሙሬይ ወጣ። ሃይሊ የሕክምና መጻሕፍቱን ይዞ ሄደ።

የወጥ ቤት መጽሐፍና አዲሱ ቤት

ቤቱን ያጸናው የታላላቅ ገጣሚዎች ሥራ ብቻ አልነበረም። ማሪያ ራንደል የተባለች እናት ለሴት ልጆቿ ብላ የሰበሰበችውን የምግብ አሠራርና የቤት አያያዝ ምክር ለሙሬይ ያለ ክፍያ ሰጠችው። መጽሐፉ ሲታተም ከቤት ቤት ተዳረሰ፤ ለዓመታትም የድርጅቱ አስተማማኝ ገቢ ሆነ። ሙሬይ በ1812 በአልበማርል ጎዳና ቁጥር 50 ያለውን ሰፊ ቤት ሲገዛ ካስያዛቸው ንብረቶች አንዱ የዚህ መጽሐፍ የኅትመት መብት ነበር። ራንደል በኋላ መብቷን ጠይቃ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1823 በ2,100 ፓውንድ ተስማሙ። ለሴት ጸሐፊ በዚያን ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው፤ መጽሐፉ ካስገባው ጋር ሲተያይ ግን ብዙ አይባልም።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1809 ዳግማዊ ሙሬይ «ኳርተርሊ ሪቪው» የተባለውን መጽሔት አቋቁሞ ነበር። በኤድንብራ ይወጣ የነበረውና የዊግ ፓርቲን ሐሳብ የሚያራምደውን «ኤድንብራ ሪቪው» ለመቋቋም የተመሠረተ የወግ አጥባቂዎች ልሳን ሲሆን ዋልተር ስኮት ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። የመጀመሪያው አዘጋጅ ዊልያም ጊፎርድ ለሙሬይ የእጅ ጽሑፍ እየመረመረም ያማክረው ነበር። መጽሔቱ እስከ 1967 ዘልቋል።

አዲሱ ቤት ከንግድ ቤትነት ይልቅ የእንግዳ መቀበያ ጠባይ ነበረው። በፎቁ ላይ ባለው ሳሎን ከሰዓት በኋላ ደራሲያን፣ ተጓዦችና የምክር ቤት ሰዎች ይሰበሰቡ ነበር። ዋልተር ስኮትና ባይረን ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቁት በ1815 በዚሁ ቤት ነው። ሙሬይ ደራሲውን እንደ ዕቃ አቅራቢ ሳይሆን እንደ ወዳጅ መያዙ ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር፤ ተተኪዎቹም ይህንን ልማድ ሳይለቁ ቆይተዋል።

ባይረን

በመጋቢት 1812 የወጣው «የቻይልድ ሃሮልድ ጉዞ» 500 ቅጂ በሦስት ቀን አለቀ። ያልታወቀው ወጣት መኳንንት በአንድ ሳምንት ውስጥ የለንደን ወሬ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ «የባሕር ወንበዴው» የተባለው ግጥሙ በወጣበት ቀን ብቻ 10,000 ቅጂ ተሸጠ። የግጥም መጽሐፍ እንዲህ ሲሸጥ ከዚያ በፊት አልታየም።

የሁለቱ ወዳጅነት ግን ሰላም ብቻ አልነበረውም። ባይረን በ1816 ከሚስቱ ተለያይቶ አገሩን ለቆ ከወጣ በኋላ ከኢጣሊያ የሚልካቸው ግጥሞች እየደፈሩ ሄዱ። የ«ዶን ሁዋን» የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች በ1819 ሲታተሙ የደራሲውም የአሳታሚውም ስም በሽፋኑ ገጽ ላይ አልተጻፈም፤ ሙሬይ ስሙን ከነውሩ ለማራቅ የመረጠው መንገድ ይህ ነበር። የኋለኞቹን ክፍሎች ጆን ሃንት የተባለ ሌላ አሳታሚ አወጣቸው።

የተቃጠለው ማስታወሻ

ባይረን በ1819 ኢጣሊያ ውስጥ የሕይወቱን ማስታወሻ ለወዳጁ ለአየርላንዳዊው ገጣሚ ለቶማስ ሙር ሰጠው። እርሱ በሕይወት ሳለ እንዳይታተም፣ ከሞተ በኋላ ግን ሙር እንዲጠቀምበት ነበር። ሙር ገንዘብ ቸግሮት ስለነበር በ1821 ለሙሬይ በ2,000 ጊኒ ሸጠው። አንድ ጊኒ 21 ሺሊንግ ስለሆነ ይህ 2,100 ፓውንድ ነው፤ በአጋጣሚ ለወጥ ቤት መጽሐፉ ከተከፈለው ጋር እኩል።

ባይረን በሚያዝያ 19 ቀን 1824 በግሪክ አገር በሚሶሎንጊ ሞተ። ወሬው በግንቦት አጋማሽ ለንደን ሲደርስ ማስታወሻው የሁሉም ጭንቀት ሆነ። የባይረን ሚስትና እህቱ አውጉስታ ሊ ስማቸው እንዲነሣ አልፈለጉም። የቅርብ ጓደኛው ጆን ካም ሆብሃውስ የሟቹን ስም ለማዳን መጥፋት አለበት አለ። ጊፎርድም አንብቦት ኖሮ መታተሙን አጥብቆ ተቃወመ። ሙር ግን ሁሉም መጥፋት የለበትም፤ ቢያንስ ነውር የሌለበት ክፍል ይትረፍ ብሎ ተከራከረ።

በግንቦት 17 ቀን 1824 በአልበማርል ጎዳና ቤት ተሰበሰቡ። ክርክሩ ከሮ ጠብ እስከመነሣት ደርሶ ነበር። በመጨረሻ የባይረን ሚስትና የእህቱ ተወካዮች ዊልሞት ሆርተንና ኮሎኔል ዶይል ወረቀቱን እየቀደዱ በሳሎኑ የእሳት ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። የ16 ዓመቱ ልጅ፣ ኋላ ሣልሳዊ ጆን ሙሬይ የሚባለው፣ በቦታው ነበር።

ሙሬይ ማስታወሻውን ራሱ አላነበበውም። ቢያሳትመው ከፍተኛ ትርፍ እንደሚያገኝ ግን ያውቅ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ የሚከስረው እርሱ ሆኖ ሳለ ለማቃጠል ከተስማሙት አንዱ ሆነ። ሙር ገንዘቡን መለሰለት። በኋላም ሙሬይ ለሙር ከፍሎ የባይረንን ደብዳቤዎችና የሕይወት ታሪክ አስጽፎ ከ1830 ጀምሮ አሳተመ። ድርጊቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለቤተሰቡ ክብር የተደረገ መሥዋዕትነት የሚሉት አሉ፤ በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የደረሰ ትልቅ ጥፋት የሚሉትም አሉ። ሁለቱም አባባል እውነት የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ ነገር ግን አንድም ገጽ ስላልተረፈ የጠፋው ምን እንደነበር መመዘን አይቻልም።

ዳግማዊ ሙሬይ ከዚያ በኋላ ሌላ ኪሳራ ገጠመው። በ1826 በወጣቱ ቤንጃሚን ዲዝሬሊ፣ ኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነው ሰው፣ ግፊት «ሪፕረዘንታቲቭ» የተባለ ዕለታዊ ጋዜጣ ጀመረ። ጋዜጣው በስድስት ወር ገደማ ውስጥ 26,000 ፓውንድ አክስሮ ተዘጋ። ሙሬይ ዳግመኛ ወደ ጋዜጣ አልተመለሰም።

ጄን ኦስተንና የክፍያው መንገድ

በዚያን ዘመን ደራሲና አሳታሚ የሚዋዋሉባቸው ዋና መንገዶች ሦስት ነበሩ። አሳታሚው መብቱን በአንድ ጊዜ ገዝቶ ትርፉንም ኪሳራውንም ይወስዳል፤ ወይም ትርፉን ይካፈላሉ፤ ወይም ደራሲው ወጪውን ችሎ አሳታሚው ከሽያጩ ኮሚሽን ይቀበላል። ጄን ኦስተን ወደ ሙሬይ ስትመጣ ለ«ኤማ»ና ቀድሞ ለወጡት ሁለት ልቦለዶቿ መብት በጠቅላላ 450 ፓውንድ አቀረበላት። አነሰብኝ ብላ በሦስተኛው መንገድ ተዋዋለች፤ ኮሚሽኑ ከመቶ 10 ነበር።

«ኤማ» በታኅሣሥ 1815 በ2,000 ቅጂ ወጥቶ ጥሩ ተሸጠ። ነገር ግን ሙሬይ በ1816 ያወጣው የ«ማንስፊልድ ፓርክ» ሁለተኛ እትም ከሰረ፤ ኪሳራውም ከ«ኤማ» ትርፍ ላይ ተቀነሰ። ኦስተን በ1817 እስክትሞት ድረስ ከ«ኤማ» በእጇ የገባው ከ40 ፓውንድ ያነሰ ነው። 450ውን ብትቀበል ኖሮ በሕይወቷ ሳለች የበለጠ ታገኝ ነበር። አሳታሚ ያቀረበው ዋጋ ሁልጊዜ ብልጠት ነው ለሚል ሰው ይህ ሒሳብ ልብ የሚባል ነው።

ሣልሳዊ ጆን ሙሬይ

ሣልሳዊው አባቱ በ1843 ሲሞት ድርጅቱን ተረከበ። ጠባዩ ከአባቱ የተለየ ነበር፤ ከግጥም ይልቅ ጉዞና ሳይንስ ይስበዋል። በወጣትነቱ አውሮፓን እየዞረ የትኛው መንገድ እንደሚሻል፣ የት እንደሚታደር፣ ምን እንደሚታይ ይጽፍ ነበር። ማስታወሻው በ1836 የመንገደኞች መመሪያ ሆኖ ታተመ፤ የመጀመሪያው ሆላንድን፣ ቤልጅየምንና ሰሜን ጀርመንን የሚመለከት ነው። ቀይ ሽፋን ያላቸው እነዚህ መመሪያዎች እየበዙ ሄደው ከአውሮፓ አልፈው ግብፅንና ሕንድን አዳረሱ። ጀርመናዊው ካርል ቤዴከር የራሱን ዝነኛ መመሪያዎች ሲያዘጋጅ የሙሬይን አርአያ ተከትሏል።

1859 ለድርጅቱ ልዩ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ሳሙኤል ስማይልስ ስለ ጥረትና ራስን ስለመቻል የጻፈው መጽሐፍ ወጥቶ በመጀመሪያው ዓመት 20,000 ቅጂ ተሸጠ። በኅዳር 24 ደግሞ የዳርዊን «የዝርያዎች አመጣጥ» ወጣ። ሙሬይ የዳርዊንን መጽሐፍ ለማሳተም የተስማማው የምዕራፎቹን አርእስት ብቻ አይቶ ነው፤ ከትርፉም ሁለት ሦስተኛውን ለደራሲው ሰጥቷል። የእጅ ጽሑፉን ካነበቡት አማካሪዎች አንዱ ዊትዌል ኤልዊን ግን ዳርዊን ይህን ትቶ ስለ ርግቦች ቢጽፍ ይሻላል፤ ርግብ የሁሉንም ሰው ልብ ይስባል ሲል መከረ። ሙሬይ ምክሩን አልተከተለም። የታተመው 1,250 ቅጂ ሲሆን ለሽያጭ የቀረበው በሙሉ በመጽሐፍ ነጋዴዎች ታዘዘ፤ በጥር 1860 ሌላ 3,000 ቅጂ መታተም ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1860 በዳርዊን ላይ ከወጡት ብርቱ ተቃውሞዎች አንዱ የጳጳሱ የሳሙኤል ዊልበርፎርስ ጽሑፍ ነበር፤ የወጣውም በሙሬይ በራሱ መጽሔት በ«ኳርተርሊ ሪቪው» ላይ ነው። ሣልሳዊው ራሱም ከዳርዊን ጋር አልተስማማም። በ1877 ዘመኑ በሚያስተምረው የሥነ ምድር ንድፈ ሐሳብ ላይ ጥርጣሬውን የገለጸ መጽሐፍ በብዕር ስም አሳተመ። ሆኖም የማያምንበትን ሰው መጻሕፍት ማሳተሙን አላቋረጠም፤ ዳርዊን በ1881 ስለ ምድር ትሎች የጻፈው የመጨረሻ መጽሐፉም የወጣው ከዚሁ ቤት ነው።

ስለ ኢትዮጵያ የወጡ መጻሕፍት

የሣልሳዊው የጉዞ ፍቅር የኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪዎች የሚጠቅሷቸውን ምንጮችም አስገኝቷል። ማንስፊልድ ፓርኪንስ ከ1843 ጀምሮ ሦስት ዓመት ገደማ በሰሜን ኢትዮጵያ እንደ አገሬው ለብሶና በልቶ ከኖረ በኋላ ያየውን የጻፈበት «ሕይወት በአቢሲኒያ» በ1853 በሁለት ቅጽ በጆን ሙሬይ ታተመ።

ሁለተኛው የሆርሙዝድ ራሳም ነው። ራሳም የሞሱል ተወላጅ ሲሆን በነነዌ ቁፋሮ የኦስተን ሄንሪ ሌያርድ ረዳት ነበር፤ ስለዚያ ቁፋሮ የሚናገረውን የሌያርድን መጽሐፍ በ1849 ያሳተመው ሙሬይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን ባሰሩ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት እንዲያስፈታቸው ራሳምን ላከው። በ1866 መጀመሪያ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረበ፤ በመጀመሪያ በክብር ቢቀበሉትም ኋላ ከሌሎቹ ጋር አሰሩት። በሚያዝያ 1868 በመቅደላ ጦርነት ሰሞን ከተፈታ በኋላ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ ትረካ በ1869 በአልበማርል ጎዳና ታተመ። ራሳም ስለ ራሱ ተግባር የሚሟገትበት መጽሐፍ ስለሆነ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ሆኖም የዐፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ዓመታት ከቅርብ ያየ ሰው ምስክርነት ነው።

ሦስተኛው መጽሐፍ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ከሰሜን ተነሥታ እስከ አዲስ አበባ አብዛኛውን በእግሯ የተጓዘችበትን መንገድ የሚተርከው መጽሐፏ በ1968 ወጣ። ጓዟን የጫነችበት በቅሎ ስሙ ጆክ ነበር፤ አሳታሚዋ ስድስተኛው ጆን ሙሬይም በወዳጆቹ ዘንድ የሚጠራው ጆክ እየተባለ ነው።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው

አራተኛው ጆን ሙሬይ በ1892 ተተካ። በ1901 ቀያዮቹን መመሪያዎች ለኤድዋርድ ስታንፎርድ ድርጅት ሸጠ፤ በ1907 የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤዎች አሳተመ። የደብዳቤዎቹ ዋጋ ከፍ ማለቱን «ታይምስ» ጋዜጣ ላይ የወጣ ጽሑፍ እንደ ብዝበዛ ስለቆጠረው ሙሬይ ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰና በ1908 7,500 ፓውንድ ተፈረደለት። በ1917 ስሚዝ ኤልደር የተባለው አሳታሚ ሲጠቀለል የአርተር ኮናን ዶይል ሥራዎችም ወደ ሙሬይ መጡ።

አምስተኛው ልጅ አልነበረውም። ስለዚህ የእህቱ ልጅ ጆን ግሬይ ሙሬይ የሚለውን ስም ተቀብሎ ወራሽ ሆነ፤ ጆክ የተባለው ይህ ሰው ነው። የዘር ሐረጉ በእናት በኩል ቢቀጥልም ስሙ አልተቋረጠም። ጆክ ከደራሲያን ጋር በነበረው ትዕግሥት ይታወቃል። የፍሬያ ስታርክን የመካከለኛው ምሥራቅ ጉዞዎች፣ የጆን ቤትጀማንን ግጥሞችና የፓትሪክ ሊ ፈርመርን መጻሕፍት ያወጣው እርሱ ነው። ሊ ፈርመር በ1933 ከሆላንድ ተነሥቶ ወደ ኢስታንቡል በእግሩ የተጓዘውን ጉዞ የሚተርከው የመጀመሪያ ቅጽ የወጣው በ1977፣ ሁለተኛው በ1986 ነው። ሦስተኛው ደራሲው ከሞተ በኋላ በ2013 ታተመ፤ ያን ጊዜ ጆክም በሕይወት አልነበረም፣ ድርጅቱም የቤተሰቡ አልነበረም።

ሽያጩና መዝገቡ

ጆክ በ1993 ሲሞት ሰባተኛው ጆን ሙሬይ ቀጠለ። የመጽሐፍ ገበያው ግን ተለውጦ ነበር። ሻጮች ሁሉ አሳታሚው በወሰነው ዋጋ ብቻ እንዲሸጡ ያስገድድ የነበረው የቆየ ስምምነት በ1990ዎቹ ፈረሰ፤ ትላልቅ የመጽሐፍ መደብሮች ከፍተኛ ቅናሽ መጠየቅ ጀመሩ፤ አሳታሚዎችም እየተዋሐዱ ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች ሆኑ። መካከለኛ የቤተሰብ ድርጅት በዚህ መካከል መቆም ከበደው። በ2002 ድርጅቱ ለሆደር ሄድላይን ተሸጠ፤ በ2004 ሆደር ሄድላይንን የፈረንሳዩ አሼት ሲገዛ ጆን ሙሬይም አብሮ ሄደ። ስሙ ዛሬም በመጻሕፍት ላይ ይወጣል። በአልበማርል ጎዳና ያለው ቤት ግን በሽያጩ ውስጥ አልተካተተም፤ ከነምድጃው በቤተሰቡ እጅ ቀረ።

በሽያጩ ያልተካተተ ሌላም ነገር ነበር። ሙሬዮች ከ1768 ጀምሮ የተቀበሉትን ደብዳቤ፣ የእጅ ጽሑፍና የሒሳብ መዝገብ ሳይጥሉ አስቀምጠው ነበር። አንድ ማስታወሻ በማቃጠል የሚታወቀው ቤት ከመቶ ሺህ በላይ ሰነዶችን አከማችቶ ተገኘ። በ2006 የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ስብስቡን በ31.2 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ አብዛኛውን ገንዘብ የሰጡት የብሪታንያ የቅርስ ሎተሪ ፈንድና የስኮትላንድ መንግሥት ናቸው። የባይረን ደብዳቤዎች፣ የዳርዊን፣ የሊቪንግስተንና የኦስተን ጽሑፎች አሁን የሚገኙት ኤድንብራ ውስጥ፣ መቶ አለቃ ማክሙሬይ በተወለደበት ከተማ ነው። በሒሳብ መዝገቦቹ ውስጥ የየመጽሐፉ የኅትመት ብዛት፣ የወረቀትና የጥረዛ ወጪ፣ ለደራሲውም የደረሰው ገንዘብ በየዓመቱ ተጽፎ ይነበባል።